ጨዋታው ስለምን ይዘገያል?

የቤት ሰላም የሚታወከው ሁልጊዜ በከባድ ምክንያት እንዳይደለ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው የነቢያት ጾም ወራት በአንድ የቅርብ ዘመዳችን ቤት የተነሣው ጠብ መነሻው የአንድ ጨዋታ መዘግየት ነበር። አባትየው ለሥራ በጀርመን አገር ስለሚኖር፣ ልጁ በትምህርቱ መበርታቱን በሰማ ጊዜ ፕሌይስቴሽን 4 የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ልኮለት ነበር። ልጁም ገና 14 ዓመቱ ነውና በደስታ ተሞልቶ አንድ አዲስ ጨዋታ ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመረ። ነገር ግን ጨዋታው ዛሬ ያልቃል ሲሉት ለነገ፣ ነገ ሲሉት ለከነገ ወዲያ እያለ፣ ልጁ ጆይስቲኩን ይዞ ሳሎን ውስጥ ማምሸት፣ ከዚያም ማደር ያዘ። እናቱ «ይወርዳል የምትለው ላለመተኛት ሰበብ ነው» አለችው። እርሱ ደግሞ ጥፋቱን በታናሽ እኅቱ ስልክ ላይ አላከከ። በመጨረሻም አንድ ቅዳሜ ማታ ለማንም ሳይናገር የዋይፋዩን ፓስዎርድ ለውጦ የቤቱን ስልክ ሁሉ ከመስመር አወጣ።

ያ ሰዓት አባት ከጀርመን በኢንተርኔት የሚደውልበት ሰዓት ነበር። እናቲቱ «ዛሬስ ምን አግኝቶት ይሆን?» እያለች እስከ እኩለ ሌሊት ተጨንቃ ቈየች፤ አባትም በበኩሉ የሚያነሣለት አጥቶ ሲሠጋ አደረ። በማግሥቱ ነገሩ ሲገለጥ መሣሪያው በቁም ሣጥን ተቈለፈበት፤ ልጁም እናቱን ማነጋገር ተወ።

እኔም ለማስታረቅ በተጠራሁ ጊዜ፣ ከምክር በፊት ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይሻላል ብዬ ከልጁ ጋር በመሣሪያው ፊት ተቀመጥኩ። ያገኘነው ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናልና እነሆ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የመስመሩ ፍጥነትና የጨዋታው መጠን የሚነገሩት በአንድ መስፈሪያ አለመሆኑ ነው። ፍጥነቱ በሜጋ ቢት ይነገራል፤ ጨዋታው ግን በጊጋ ባይት ይመዘናል። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት የሚል ውል ያለው ቤት በሴኮንድ የሚቀበለው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። የልጁ ጨዋታ 60 ጊጋ ባይት ነበር፤ ይህም ሲሰላ 48,000 ሴኮንድ፣ ማለት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ይህ እንኳ መስመሩን ሌላ ሰው ሳይጋራው ነው። እናቲቱ ስሌቱን በወረቀት ላይ ባየች ጊዜ «እንግዲያስ ልጁ አልዋሸም» አለች፤ ዕርቁ የተጀመረው በዚህ ቃል ይመስለኛል። (በስልክ ፓኬጅ የሚያወርዱ ቤቶች ግን 60 ጊጋ ባይት ምን ያህል ብር እንደሚያስከፍላቸው አስቀድመው ያስሉ።)

ሁለተኛው የዋይፋዩ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2013) የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚቀበለው 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለውን ሞገድ ብቻ ነው። ይህ ሞገድ የጎረቤት ራውተሮች፣ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀሩ የሚሻሙበት ነውና፣ በተለይ በኮንዶሚኒየም ቤቶች መጨናነቁ አይቀርም። በ2009 ዓ.ም. የወጡት ስሊምና ፕሮ የተባሉት ግን 5 ጊጋኸርዝንም ይቀበላሉ። በዚህ ቤት ደግሞ ራውተሩ ከቡፌው ግርጌ፣ ከአንድ የብረት ሣጥን ኋላ ተቀምጦ ከላዩ ዳንቴል ተደርቦበት ነበር። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል። ብረቱ ግን ሞገዱን ይመልሰዋል። ራውተሩን ወደ ላይ አወጣነው፤ ከዚያም በኬብል ከመሣሪያው ጋር አገናኘነው። ኬብል መግዛት ለሚችል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መፍትሔ አላውቅም።

ልጁን ያስደነገጠው ግን ሦስተኛው ነው። ጨዋታው የሚመጣው ሩቅ አገር ካለ ኮምፒዩተር ነው። ያ ኮምፒዩተር ዕቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይለቀውም፤ ተቀባዩ ሊይዝ እችላለሁ ያለውን ያህል ይልክና «ደረሰኝ» የሚለውን መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ሲመጣ ይቀጥላል። ነጋዴ ለላከው ዕቃ ደረሰኝ ሳይቀበል ሌላ እንደማይልክ ማለት ነው። ባለሙያዎች መርምረው እንዳገኙት፣ ፕሌይስቴሽን 4 አንድ ጨዋታ ተከፍቶበት ሳለ ሌላ ሲያወርድ፣ የሚጫወተው ሰው እንዳይታወክ ብሎ ይህን የመቀበያ መጠን ወደ 128 ኪሎ ባይት ያጠብበዋል። ዕቃው ሄዶ ደረሰኙ እስኪመለስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅ፣ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ብቻ ይላካል፤ ይህም 640 ኪሎ ባይት ነው። የ10 ሜጋ ቢት መስመር ግማሽ ያህል ማለት ነው። 13 ሰዓት የነበረው 26 ሰዓት ሆነ! መስመሩ ምንም ያህል ቢሰፋ በዚህ ጊዜ ጥቅም የለውም።

ልጁ ደግሞ ሌሊቱን ሲጠብቅ የሚያድረው የእግር ኳስ ጨዋታ እየተጫወተ ነበር። ሲደክመውም ወደ ፊተኛው ገጽ ይመለሳል እንጂ ጨዋታውን አይዘጋውም፤ ያልተዘጋ ጨዋታ ደግሞ ባይጫወቱትም እንደ ተከፈተ ይቈጠራል። የእኅቱ ስልክ ከመስመሩ የተጋራው ጥቂት ነበር። ይህን በነገርኩት ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ እየጠበቅሁ ምን ልሥራ?» አለኝ።

«ተኛ» አልኩት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ መሣሪያው የዕረፍት ሁኔታ የሚባል አለው። በማስተካከያው ውስጥ በዕረፍት ጊዜ ከኢንተርኔት እንዳይለይ ከታዘዘ፣ ብርቱካናማ መብራት አብርቶ ብቻውን ሲያወርድ ያድራል። መብራት ቢጠፋም የወረደው አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፤ ከቆመበት ይቀጥላል።

እርግጥ መዘግየት ከቤት የማይመነጭበት ጊዜም አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ሰው ሁሉ ከቤቱ በተከተተ ጊዜ፣ ሶኒ ኩባንያ ራሱ መስመሩ እንዳይጨናነቅ በአውሮፓ የጨዋታ ማውረጃውን ፍጥነት እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኬብል ቢቀይሩ ፋይዳ የለውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ፓስዎርዱን ወደ ቀድሞው መለሰና ለእኅቱም ለእናቱም በገዛ እጁ በስልካቸው ጻፈላቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የእግር ኳሱን ዘግቶ፣ ማውረዱን እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀምሮ ወደ አልጋው ሄደ። ሌሊት ለቅዳሴ ሲነሡ ብርቱካናማው መብራት ሳሎን ውስጥ ይታይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና ጨዋታው አላለቀም ነበር። አባት ከጀርመን የደወለው ቁርስ ላይ ሳሉ ነው። ልጁ ስልኩን ከእናቱ ተቀብሎ ስለ ራውተሩና ስለ ዳንቴሉ እየሳቀ ሲነግረው ቈየ፤ ጨዋታው ወርዶ ሲጠናቀቅም ያየ ሰው አልነበረም።