ባለቤቶቻቸው ሲሸሹ የሚቀሩት

ሰው እየሞተ ስለ ውሻና ድመት ማውራት ለብዙዎቻችን ቅንጦት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ላይ የደረሰው ግን የሁለቱ ዕጣ የተሳሰረ መሆኑን አሳይቷል።

በዚያ ዓመት ኦገስት መጨረሻ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የጎርፍ መከላከያዎቹን ሲደረምስ 80 በመቶ ያህሉ የከተማዋ ክፍል በውሃ ተዋጠ። ሰዎችን ከጣሪያ ላይ ያነሡት ብዙዎቹ ጀልባዎችና ሄሊኮፕተሮች እንስሳ አይጭኑም ነበር፤ መጠለያዎቹም አብዛኞቹ አያስገቡም። ከሱፐርዶም ስታዲየም በአውቶቡስ ሊሳፈር የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ፖሊስ ውሻውን ሲወስድበት «ስኖውቦል! ስኖውቦል!» እያለ እስኪያስታውከው ማልቀሱን አሶሺዬትድ ፕሬስ ዘገበ። ብዙ አሜሪካውያንን ያስቆጣ ወሬ ነበር። ሌሎች ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን እንመለሳለን ብለው ምግብና ውሃ አስቀምጠው፣ በራቸውን ቆልፈው ወጥተዋል። ብዙዎቹ ግን ለሳምንታት መግባት አልቻሉም። በጎ ፈቃደኞች በር እየሰበሩ ጭምር 15 ሺህ ያህል እንስሳት እንዳወጡ ይገመታል። የብዙዎቹ ባለቤት የሚታወቅበት ምልክት ስላልነበረ አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ለአዲስ አሳዳጊ የተሰጠ ውሻቸውን ለማስመለስ ፍርድ ቤት የቆሙ ባለቤቶችም ነበሩ።

ፍሪትዝ ኢንስቲትዩት የተባለ ድርጅት በ2006 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከተማውን ላለመልቀቅ ከወሰኑት 44 በመቶው ከምክንያቶቻቸው አንዱ እንስሳቸውን ጥለው መሄድ አለመፈለጋቸው እንደሆነ ተናግረዋል። «እንስሳ አይገባም» የሚለው ደንብ ሰውንም ለሞት አጋልጧል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች በአደጋ ጊዜ ዕቅዳቸው የቤት እንስሳትን እንዲያስቡ አደረገ። ሆቴሎችን እንስሳ እንዲቀበሉ ያስገድዳል የሚለው፣ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚናፈሰው ወሬ ግን ሐሰት ነው። ጃፓንም ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሱናሚና የፉኩሺማ አደጋ በኋላ፣ በ2013 ሰዎች ከእንስሳቸው ጋር እንዲሸሹ የሚመክር መመሪያ አወጣች። ከኑክሌር ጣቢያው 20 ኪሎ ሜትር ክልል ሕዝቡ በጥድፊያ ሲወጣ ውሾች እንደታሰሩ፣ ላሞች በበረታቸው ቀርተው ብዙዎች በረሃብ አልቀዋል። ናኦቶ ማትሱሙራ የተባለ ገበሬ የተተዉትን ለመመገብ ሲል በዚሁ ክልል ባለችው ቶሚዮካ ውስጥ ቀረ።

ሕግ ቢወጣም ችግሩ አልጠፋም። በ2024 ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳ ሲቃረብ፣ ታምፓ አካባቢ አውራ ጎዳና ዳር አጥር ላይ ታስሮ ውሃ እየሞላበት የነበረን ውሻ ፖሊስ አዳነው። ክፍለ ግዛቱም በአደጋ ወቅት ውሻ አስሮ መተውን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አደረገው።

በሎስ አንጀለስ፣ በሂዩስተን ወይም በፍሎሪዳ የምትኖሩና ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ ማይክሮቺፕ አስገቡላቸው፤ ስልክ ስትቀይሩ በማይክሮቺፑ መዝገብ ያለውን ቁጥር አሳድሱ። የክትባት ወረቀትና መያዣ ሣጥን በር አጠገብ ይኑር። እንስሳ የሚቀበለው መጠለያ የት እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ አካባቢውን ልቀቁ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ቀድማችሁ ውጡ።