ያልተሰበሰበ ማይል

አቃቂ ቃሊቲ የብረትና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካም፣ የቃሊቲ ብረታ ብረትም፣ ጉምሩኩም፣ መንገድ ዳር የተደረደሩት ጋራዦችም እዚሁ ናቸው። መለዋወጫ የሚነግደው ሰው ዕቃውን ለማየትና ለመምረጥ ዱባይ ወይም ጓንዡ ይመላለሳል። በዚያው ሰፈር ቤይሩት ወይም ሪያድ ሠርታ የምትመለስ ልጅ ያለችበት፣ ወንድሙ አሜሪካ የሚኖርለት ቤትም ሞልቷል። ከእነዚህ መንገደኞች ብዙዎቹ የሚሳፈሩት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ትኬቱን ቆርጠው፣ ሻንጣውን አስመዝነው ይሄዳሉ፤ ከዋጋው ጋር አብሮ የሚመጣውን ጥቅም ግን ሳይወስዱት ይቀራሉ። ስለዚህ ጥቅም የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ ነው፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ጥቅሙ ሼባማይልስ ይባላል፤ አየር መንገዱ ለሚመላለሱ ደንበኞቹ ያዘጋጀው መርሐ ግብር ነው። አባል ለመሆን ገንዘብ አይከፈልም። ስምን መዝግቦ የአባልነት ቁጥር መቀበል፣ ከዚያም ትኬት በተቆረጠ ቁጥር ያንን ቁጥር ማስያዝ ብቻ ነው። ሰውየው በበረረበት ርቀት ልክ ማይል ይቆጠርለታል። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወደ 1,560 ማይል፣ ጓንዡ ደግሞ ወደ 5,000 ማይል ይርቃል። ስለዚህ አንድ የጓንዡ ደርሶ መልስ ርቀቱ ሙሉ በሙሉ ከተያዘ 10,000 ማይል ገደማ ያስገኛል።

«ከተያዘ» ያልኩት በምክንያት ነው። እያንዳንዱ ትኬት ላይ ደረጃውን የሚያመለክት አንድ የላቲን ፊደል አለ። ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው ጓንዡ ሊደርሱ ይችላሉ፤ የአንደኛው ፊደል ሙሉውን ርቀት ሲያስቆጥር፣ በቅናሽ የገዛው ግን ጥቂቱን ብቻ፣ አንዳንዴም ምንም ላያገኝ ይችላል። ትኬት ቢሮ የሄደ ሰው ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ «ይህኛው ስንት ማይል ይይዛል?» ብሎ ቢጨምር ጥሩ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነና ሰውየው በዓመት ደጋግሞ የሚሄድ ከሆነ፣ ትንሽ ጨምሮ ብዙ ማይል የሚይዘውን መግዛት ያዋጣዋል። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ሰው ግን ርካሹን ይግዛ እላለሁ።

ማይሉ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው የሚጠራቀመውና የሚወጣው ነው፤ ሲበቃ ትኬት ይገዛበታል፣ ወይም ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ ክፍል ያሳድጋል። በማይል የተገዛ ትኬትም ቢሆን ቀረጡና የኤርፖርት ክፍያው በገንዘብ እንደሚከፈል ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደረጃ የሚሰጠው ነው። አባሉ ከብሉ ይጀምርና ብዙ ሲበር ወደ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ያድጋል።

ብዙ ሰው የሚመኘው ነጻ ትኬቱን ነው። ለነጋዴ ግን ከትኬቱ ይልቅ ደረጃው ይበልጣል ባይ ነኝ። ጎልድ የደረሰ ሰው ሻንጣ በኪሎ በሚመዘንበት መስመር ተጨማሪ 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚቆጠርበት መስመር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። መለዋወጫ ይዞ ለሚመለስ ሰው ይህ በየጉዞው የሚያገኘው ትርፍ ነው። ከዚያ በተረፈ ሰልፉ አጭር ነው፤ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ላውንጅ ውስጥ አረፍ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

ደረጃው ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ውጭም ይሠራል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የሚባለውን ኅብረት ተቀላቅሏል። ኅብረቱን እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት 5 አየር መንገዶች ናቸው፤ ዛሬ ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽ፣ ኤር ቻይናና ዩናይትድ ከአባላቱ መካከል ይገኛሉ። የቃሊቲው ነጋዴ ከጓንዡ ቤይጂንግ በኤር ቻይና ቢሄድ የሼባማይልስ ቁጥሩን እዚያም ማስያዝ ይችላል። ዱባይ በኤምሬትስ ከሄደ ግን ኤምሬትስ የኅብረቱ አባል ስላልሆነ አይቆጠርለትም። አንድ ወር በዚህ፣ አንድ ወር በዚያ እያለ የሚበታትን ሰው የትም አይደርስም።

ማይል የመቁጠሩ ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ደንበኞቹ ወደ ሌላ እንዳይሄዱበት ማይል መቁጠር ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ባዶ የሚሄድ ወንበር ለአየር መንገዱ ምንም ስለማያስገኝ፣ ያንን ወንበር ለታማኝ ደንበኛ መስጠት ብዙ አያስወጣውም። ኋላ ባንኮች ገቡበትና በክሬዲት ካርድ የሚገዛ ሰው በወጪው ልክ ነጥብ ያገኝ ጀመር።

እኛ አገር የባንክ ካርድ ሲባል በአብዛኛው ሒሳብ ውስጥ ያለን ገንዘብ የሚያወጣ ካርድ ነው። ለብድር ቀረብ የሚለው እንደ ቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» ያለው ነው፤ ይህም ከማይል ጋር ግንኙነት የለውም። ቨርጂኒያ ያለው ወንድም ጋ ነገሩ ይለያል። እናቱን ለመውሰድ ትኬት በካርዱ ሲገዛ የካርዱ ነጥብ የሚገባው ለከፋዩ ለእሱ ነው፤ ማይሉ ግን የሚገባው ለተሳፋሪዋ ለእናቱ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 7,200 ማይል ነው። እማማ የሼባማይልስ ቁጥር ካላወጡ ያ ሁሉ ማይል የማንም አይሆንም። ልጁ እሳቸው ከመነሣታቸው በፊት ከዚያው ሆኖ ሊመዘግባቸው ይችላል።

ወንድምየው የራሱን ነጥብም ለአገር ቤት ጉዞ ማዋል ይችላል። አንዳንድ የአሜሪካ ካርዶች ነጥባቸውን ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤር ካናዳ ማይል ያዛውራሉ፤ በዚያ ማይል ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወንበር ይያዛል። ነገር ግን የካርዱን ዕዳ በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ነጥቡ ከወጪው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ የካርዱ ወለድ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ ይበልጣል። ነጥብ ለማብዛት ሲባል የማያስፈልግ ዕቃ መግዛትም ያው ኪሳራ ነው።

ብዙ ማይል የሚጠፋው በስም ምክንያት ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ የአባልነት ሒሳቡ ላይ ሌላ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ካለ ሲስተሙ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ አያያቸውም። ስለዚህ ሲመዘገቡ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ቁጥሩን ሳያስይዝ የበረረ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ የጊዜ ገደቡ ሳያልፍ ከጠየቀ ማይሉ ወደ ሒሳቡ ሊገባለት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የትኬቱ ቁጥርና ቦርዲንግ ፓሱ ነው። የትኬቱ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ ትኬቱን ያወጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ቦርዲንግ ፓሱ ደግሞ ማይሉ መግባቱ እስኪታይ ድረስ ፓስፖርቱ ውስጥ ይቆይ፤ በስልክ ፎቶ ቢነሣም አይከፋም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ቶሎ ይለቃልና።