እርሳሱ ከቤት፣ ካፕሱሉ ከባሕር ማዶ

እዚህ ኩዌት፣ ባያንና አካባቢው የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ዓርብ ከሰዓት ሲገናኙ የአገር ቤት ወሬያቸው ብዙ ጊዜ የጥይት ዋጋ ላይ ይደርሳል። አንዱ ከጎጃም፣ ሌላው ከወሎ የሰማውን ያመጣል። “እርሳስ እንደሆነ ሞልቷል፤ ለምን ራሳቸው አያፈሱትም?” የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ያረጀ ነው። ከመቅደላ ወዲህ የነገሡት ሁሉ በየተራቸው ተፈትነውበታል፤ የውል ወረቀት የተፈረመውም የተቀደደውም በዚሁ ጉዳይ የሆነበት ጊዜ አለ።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ለዚህ የከሰል ምድጃ ይበቃል፤ ብረት እንደማቅለጥ ልዩ ወናፍ አይጠይቅም። የድሮው ነፍጠኛ ሁለት ግማሽ ሆኖ እንደ መቀስ የሚገጠም የብረት ቅርጽ ነበረው። የቀለጠውን በጭልፋ ያንቆረቁርበታል፣ ሲረጋ ቅርጹን ይከፍታል፣ አፉ ላይ የቀረችውን ጭራ በቢላ ይቆርጣል። አረሩ ትንሽ ቢጣመም ግድ አልነበረውም፤ ከአፈሙዝ ተጎርሶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ ጠመንጃ ይቅር ይላል። ባሩዱም ከድኝ፣ ከከሰልና ከባሩድ ጨው በአገር ቤት ይቀመም ነበር። ከ1541 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የፖርቱጋላዊው የክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ነፍጠኞች ገብተው ከግራኝ አሕመድ የቱርክ ነፍጠኞች ጋር ከተታኮሱበት ዘመን አንስቶ እስከ ቴዎድሮስ ድረስ፣ ጠመንጃው ከውጭ ቢመጣም ጉርሻው የባለቤቱ ነበር ማለት ይቻላል። “ራሳቸው ያፍሱት” የሚለው ሰው በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ ትክክል ነበር።

ቴዎድሮስ ከዚያ አልፈው መድፉንም እዚሁ ማፍሰስ ፈለጉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዋልድማየርንና ሌሎቹን የአውሮፓ ሚሲዮናውያን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በዘመኑ የነበረውን ማኅበራዊ ግድግዳም አንርሳ። እሳትና ብረት የሚነካ ሰው “ጠይብ” እየተባለ ይናቃል፣ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል። ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ አርባ ዓመት ገደማ ይቀራል። ጥይት የሚፈልግ እንጂ ጥይት የሚያፈስ የሚከበርበት አገር አልነበረም። የጋፋት ሙከራ የመከነው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ግን ወደ ኋላ የቀረነው በቴክኒክ ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበልም።

ነገሩ የተገለበጠው መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ነው፣ ሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ.። የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ወታደሮች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናድር ይዘው መጡ። የቴዎድሮስ ሰው ባሩድ አፍስሶ፣ አረር ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ እስኪጨርስ እንግሊዙ ደጋግሞ ይተኩሳል። በኢትዮጵያውያን በኩል በመቶዎች ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው በጣት የሚቆጠር ነበር። ልዩነቱ ከብረቱ ይልቅ በጥይቱ ላይ ነበር፤ ባሩዱ፣ አረሩና የምትፈነዳዋ ካፕሱል ባንድ ቀለህ ታሽገው ነበርና።

ከዚያ ወዲህ “ጥይት” የሚባለው አራት ነገር ነው። እርሳሱ ቀላሉ ነው። የናስ ቀለህ ከባድ ማተሚያ ይፈልጋል፤ ሲተኮስ ተነፍቶ የተጎረሰበትን ቤት እንዲዘጋ፣ ወዲያው ደግሞ ለቅቆ እንዲወጣ ውፍረቱ በጣም የተመጠነ መሆን አለበት። ካፕሱሉ የኬሚስት ሥራ ነው። ባሩዱም ጭስ አልባ ከሆነ ፋብሪካ ግድ ይላል። እርሳስ የማፍሰስ ችሎታ ድንገት ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚፈታ ሆነ።

አውሮፓውያን ይህን ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል። የ1890ው የብራሰልስ ስምምነት በሰሜን 20ኛና በደቡብ 22ኛ ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ወዳለው አፍሪካ የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ሲከለክል፣ አንድ ነገር ግን ለይቶ አሳለፈ፤ ባልጩት እየመታ የሚተኩሰውን፣ አፈሙዙ ያልተጠረበውን የድሮ ጠመንጃና ተራውን ባሩድ። አፍሪካዊው እቤቱ የሚያፈሰውን አረር የሚተኩስ ጠመንጃ ቢይዝ አላስጨነቃቸውም። የከለከሉት ቀለህ የሚጎርሰውን ነው። ስለ ጥይት ፖለቲካ ከተጻፈው ሁሉ እንደዚህ አንቀጽ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም።

ምኒልክም ገብቷቸው ነበር። በ1880ዎቹ ገጣሚው አርተር ሬምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ጠመንጃ ሊሸጥላቸው መጣ፤ ከጭነቱ አብዛኛው ዘመን ያለፈበት የካፕሱል ጠመንጃ ነበር። ንጉሡ ግን ቀለህ የሚጎርሰውን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ ሬሚንግተኑን፣ ወጨፎውን፣ ውጅግራውን። ከኢጣሊያ ጋር የነበራቸውን ወዳጅነት በዚህ ዓይን ካላዩት አንዳንዱ ነገር ግራ ያጋባል። በ1893 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ኢጣሊያ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ተረከቡ፤ በዚያው ሰሞን፣ በየካቲት ወር፣ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓድዋ መጣ። ጥይቱ እጅ እስኪገባ ታገሡ ብዬ ብጠረጥር የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

ውጅግራን ቀረብ ብለን እንየው፤ በገጠር ረጅም ዕድሜ የኖረ ነውና። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ወረቀት የተጠቀለለበት ድፍን እርሳስ ነው፤ ባሩዱ ጥቁር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት እርሳስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀለህ ተለቅሞ፣ ካፕሱል ከተገኘለት፣ እንደገና ሊሞላ ይችላል፤ አረሩንም ምድጃ ላይ ማፍሰስ ይቻላል። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ አካባቢ እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ገበያ ላይ መዞሩም አይገርምም።

ፈረንሳዮች በ1886 ለበልን ይዘው ሲመጡ ግን ምድጃው ከነአካቴው ከጨዋታው ወጣ። ጭስ አልባው ባሩድ አረሩን በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል። በዚህ ኃይል የሚገፋ እርቃኑን ያለ እርሳስ የአፈሙዙን ጥርብ ይዞ መዞር ያቅተዋል፤ ይፋቃል፣ ውስጡን ይለቀልቃል፣ ዒላማም ይስታል። ስለዚህ መዳብ ያለበት ሸሚዝ ለበሰ። ምንሽሩም፣ መውዜሩም፣ ዛሬ በየሰዉ ትከሻ ያለው ክላሽም የሚጎርሰው ይህን የለበሰውን ነው።

ይህ ሸሚዝ በ1928 ዓ.ም. የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። የ1899ኙ የሄግ መግለጫ በሰው አካል ውስጥ የሚዘረጋ ወይም የሚጨፈለቅ ጥይትን ከልክሏል፤ እንግሊዞች ካልካታ አጠገብ ዱምዱም ላይ ያሠሩትን ጫፉ እርሳስ የሆነ ጥይት በማሰብ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር በኢትዮጵያውያን እጅ የዱምዱም ጥይት አለ ብላ ጄኔቫ ድረስ ከሰሰች፤ ክሱንም ለመርዝ ጋዙ ማስተባበያ አደረገችው። የ1925ቱን የጋዝ ክልከላ ግን ራሷ ፈርማ ነበር። ጥይቱን ከየገበያው እየለቀመ የሚገዛ አገር ዝናሩ ውስጥ አሥር ዓይነት ጥይት ቢገኝ ምን ይደንቃል? በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ላይ የነበረው ይፐሪት የተባለው መርዝ ጋዝ ግን በምርጫ የተጫነ ነበር።

ከዚያ ይልቅ የጎዳን ማዕቀቡ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ አቆምን አሉ፤ አሜሪካም የገለልተኝነት ሕግ አወጣች። ለሁለቱም እኩል ይመስላል። ኢጣሊያ ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። የመንግሥታቱ ማኅበር በጥቅምት ወር ለኢትዮጵያ ክልከላው እንዲነሳ ሲወስን ጊዜው መሽቶ ነበር፤ ከዚያ እስከ ማይጨው ስድስት ወር አይሞላም። ከ1923 ጀምሮ የማኅበሩ አባል የነበረ አገር ጥይት ለመግዛት የጎረቤት ቅኝ ገዢዎችን ወደብና ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። በጉደር ያለው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ የተቋቋመውም በደርግ ዘመን፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

የዛሬውን ሕግ ስናይ ይህ ታሪክ ይጠቅማል። የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ጥይቱንም በፈቃድ አስሯል። ክርክራችን ግን አሁንም “ስንት ጠመንጃ አለ?” ላይ ነው። ጠመንጃ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ጥይት ያልቃል። የገበያ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየው ከየት እንደሚገባ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ ነው፤ ቁጥጥር ካለ መጀመር ያለበት ከዚያ ይመስለኛል።

እዚህ ኩዌትም ሕጉ ሁለቱን አይለይም። ከ1990–91 የኢራቅ ወረራ በየቤቱ የቀረ መሣሪያ ስለነበር በ2015 ፈቃድ የሌለው መሣሪያ፣ ጥይትና ፈንጂ የሚሰበሰብበት ሕግ ወጣ። በተሰጠው የአራት ወር ጊዜ በፈቃዱ ያስረከበ አይጠየቅም ተባለ። ለቤት ሠራተኛና ለሹፌር ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከበረሃ የተለቀመች ጥይት፣ ለማስታወሻ ናት ቢሉም፣ በሻንጣ ውስጥ መገኘት የለባትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ “ያፍሱት” የሚሉት ስለ እሳቱ ብቻ ስለሚያስቡ ነው። አገር ቤት ለማቅለጥ የሚገኘው እርሳስ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ መኪና ባትሪ ነው። ጭሱና አቧራው በልብስና በእጅ ወደ ቤት ይገባል፣ አፈር ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ከሁሉ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው፤ ደማቸው ውስጥ ሲገባ የአእምሮ እድገታቸውን ይገታል፣ የጠፋውም አይመለስም። አረሩ ለአሮጌ ውጅግራም ይሁን ለዓሣ መረብ ክብደት፣ ያ ምድጃ ወጥ የሚሠራበት፣ ያ ግቢ ልጆች የሚድሁበት መሆን የለበትም።