ቫውቸሩን የሚያውቁት ሰዎች፦ አይቤክስና ፒችትሪ በሰሜን ወሎ

መርሳ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በፍራፍሬዋ ነው። በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚሠራውን ሥራ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው የጽሕፈት መሣሪያ፣ የግብርና ባለሙያው ውሎ አበል፣ የመንግሥት መኪናው ነዳጅ ሁሉም ተመዝግበው የሚያልፉት በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ አይቤክስ ይባላል። ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተርና የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በአንድ ወጪ ጉዳይ ሲገናኙ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «አይቤክስ ላይ ገብቷል ወይ?» የሚል ነው።

አይቤክስ በጀትንና ወጪን አንድ ላይ የሚይዝ፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። የተገኘው ከ1996 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ከቆየው የፋይናንስ ማሻሻያ ሥራ ሲሆን፣ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከገንዘብ ሚኒስቴርና ከክልሎች ጋር ሆነው በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ ሠርተውታል። ቡድኑን የመራው ስቲቨን ፒተርሰን በ2015 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ተሞክሮ መጽሐፍ አሳትሟል። ፒተርሰን ደጋግሞ የሚያነሳው ሐሳብ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚጠቅም ነው፦ መጀመሪያ በወረቀት የሚሠራውን ሥራ አስተካክሉ፣ ሰዉን አሠልጥኑ፣ ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ አምጡት። በብዙ አገሮች ውድ ሶፍትዌር አስቀድሞ ይገዛና ሥራው በሶፍትዌሩ ልክ እንዲሆን ይገደዳል። ገንዘቡ የሚባክነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወረቀቱን ማስተካከል ቀላል ሥራ አልነበረም። የቀድሞው የመንግሥት ሒሳብ በነጠላ ምዝገባ ይያዝ ነበር፤ ገንዘብ ወጣ ተብሎ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ በቃ። ለሠራተኛ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ ተመለሰ ወይስ ቀረ፣ ለነጋዴ ያልተከፈለ ዕዳ ስንት ነው የሚለውን ከመዝገቡ በቀላሉ ማግኘት አይቻልም። ማሻሻያው ያመጣው ደብል ኢንትሪን ነው፤ ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ አሳትሞ ያሰራጨውን፣ እያንዳንዱን ሒሳብ በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ የሚመዘግበውን ዘዴ።

ማሻሻያው በሚካሄድበት ሰሞን ሌላ ትልቅ ለውጥ መጣ። በ1994 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ትልልቅ ክልሎች ያሉ ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ ተደረገ። ትናንት ከዞንና ከክልል ውሳኔ ይጠብቅ የነበረው ወረዳ ዛሬ የትምህርቱን፣ የጤናውን፣ የግብርናውንና የውኃውን ገንዘብ ራሱ ደልድሎ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ ሒሳብ ማቅረብ ነበረበት። ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሚበቃ የሒሳብ ባለሙያ ግን አልነበረም። መፍትሔው ፑል ሆነ፤ ያሉትን ጥቂት ባለሙያዎች በገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰብስቦ የሁሉንም ሴክተር ሒሳብ አንድ ላይ እንዲሠሩ ማድረግ። አይቤክስ ወረዳ ሲገባ ያረፈው በዚህ ፑል ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ወጪ በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ በቅርብ ማየት ይበጃል። አንድ የግብርና ባለሙያ ለመስክ ሥራ 3,000 ብር በቅድሚያ ወሰደ እንበል። ያን ቀን ገንዘቡ ገና ወጪ አይባልም፤ በስሙ ተሰብሳቢ ሆኖ ይመዘገባል። ባለሙያው ከመስክ ሲመለስ የ2,600 ብር ማስረጃ አቅርቦ 400 ብሩን በደረሰኝ ይመልሳል። ሒሳብ ሠራተኛው ቫውቸር፣ ማለትም የሒሳብ መመዝገቢያ ሰነድ፣ ያዘጋጃል፦ 2,600 ብር በሒሳብ መደብ 6231፣ በውሎ አበል ዴቢት፤ 400 ብር በ4101፣ በእጅ ባለ ጥሬ ገንዘብ ዴቢት፤ 3,000 ብር ደግሞ ከባለሙያው ተሰብሳቢ ላይ ክሬዲት። ሁለቱ ወገኖች እኩል ስለሆኑ ፕሮግራሙ ይቀበላል፣ ተወራረደ ይባላል።

ሠራተኛው ደክሞት ወይም ቸኩሎ 6231ን 6232 ብሎ ቢጽፈውስ? 6232 የትራንስፖርት ክፍያ መደብ ነው። ፕሮግራሙ ይህንንም ይቀበላል፤ ዴቢቱም ክሬዲቱም አሁንም 3,000 ነውና። ወረዳው በዓመቱ መጨረሻ ለውሎ አበል ያወጣው ትንሽ፣ ለትራንስፖርት ያወጣው ብዙ ሆኖ ይታያል፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀትም በዚያው በተዛባ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይያዛል። አይቤክስ ያልገጠመ ድምር ሲያይ ያቆማል። የተሳሳተ መደብን ግን የሚያቆመው ቫውቸሩን አንብቦ «ይህ እኮ የትራንስፖርት ክፍያ አይደለም» የሚል ሰው ብቻ ነው። ረጅም ዘመን በዚህ ሥራ ላይ የቆዩት ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። 6111 ቋሚ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት መሆኑን ከዝርዝር ሳይፈልጉ ይናገራሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የትኛው ጽሕፈት ቤት በየትኛው ወር ምን እንደሚያወጣ ስለሚያውቁ፣ ያለ ወሩ የመጣ ወጪ ዓይናቸውን ይይዘዋል።

የተመዘገበው ሒሳብ መርሳ ላይ አይቀርም። በየወሩ ተዘግቶ፣ ከባንክ መግለጫ ጋር ተስታርቆ፣ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልሉ ገንዘብ ቢሮ ይሄዳል። እዚያ የወረዳዎቹ ሁሉ ሒሳብ ተጠቃሎ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ያልፋል። ወረዳዎችን በሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ በወረዳኔት መስመር፣ የተገናኙት በኔትወርክ ይልካሉ። መስመር ያልደረሳቸው ወይም የተቋረጠባቸው ደግሞ ፕሮግራሙን ለብቻው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ይሠሩና መረጃውን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይዘው ይሄዳሉ። ያ ትንሽ ፍላሽ የአንድ ወረዳ የወር ሒሳብ ይዟል፤ በቫይረስ ቢበላሽ እንደገና መጀመር የሚቻለው ቫውቸሮቹ በፋይል ቦክስ በሥርዓት ተይዘው ከተገኙ ነው።

የሥራው ከባድ ሰሞን ሰኔና ሐምሌ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ቀን ዕቃው ገብቶ ወይም አገልግሎቱ ተሰጥቶ ክፍያው ያልተፈጸመ ካለ የችሮታ ጊዜ ተከፋይ ተብሎ ይያዝና በሐምሌ ይከፈላል። ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ስለሚቃጠል ጽሕፈት ቤቶች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግዥ ያጣድፋሉ። የበጀት ዝውውር ጥያቄ፣ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ፣ ባንክ ያልቀረበ ቼክ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። የፑል ሠራተኞች አምሽተው፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምረው የሚሠሩት በዚህ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ስለ ወረዳው ገንዘብ የሚነገረው ሪፖርት ሁሉ ከዚህ ድካም ይወጣል፤ ስማቸው ግን በሪፖርቱ ላይ አይጻፍም።

የግሉ ዘርፍ ሌላ ፕሮግራም ነው ያለው። በወልድያም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚወጣን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው «ፒችትሪ የሚችል» የሚለውን ሐረግ ሳያገኝ አይቀርም። ፒችትሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ የተጀመረ፣ ስሙን ከከተማዋ ዋና ጎዳና ያገኘ ሶፍትዌር ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ አብረው ከቀረቡት ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከገዛው በኋላ ከ2013ቱ እትም ጀምሮ ሴጅ 50 ቢባልም፣ እኛ አገር እስካሁን ፒችትሪ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መሰብሰብ ሲጀመር፣ ቀጥሎም በአዋጅ 847/2006 ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ ሲታወጅ የፈላጊው ቁጥር ጨመረ። ዛሬ አንድ ባለሙያ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ የእህል አከፋፋይና የሆቴል ሒሳብን በአንድ ላፕቶፕ ይዞ ከደንበኛ ደንበኛ ይዞራል።

ይህ ሶፍትዌር ግን የተሠራው ለእኛ ዘመን አቆጣጠር አይደለም፤ የሚያውቀው ቀን የፈረንጁን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሥራ ሲጀምር ወሮቹን በእጁ ያስገባል፦ ሐምሌ ከጁላይ 8፣ ነሐሴ ከኦገስት 7፣ መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እያለ። ፕሮግራሙ እስከ 13 የሒሳብ ጊዜ ይፈቅዳል፤ አሜሪካ ውስጥ ዓመቱን በአራት አራት ሳምንት ለሚከፍሉ ድርጅቶች ተብሎ የገባ አማራጭ ነው። ለጳጉሜንም ቦታ ይኖራል ማለት ነው፤ ብዙዎች ግን 12 ብቻ ከፍተው ጳጉሜንን ከአጠገቡ ወር ጋር ያዳብላሉ።

ልምድ የሌለውን የሚጥለው በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ጳጉሜን 6 ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ የእያንዳንዱ ወር መባቻ በአንድ ቀን ዘግይቷል፤ መጋቢት 1 ላይ፣ ፈረንጆቹም በፌብሩዋሪ አንድ ቀን ስለጨመሩ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። የአምናውን የወር አከፋፈል እንዳለ የገለበጠ ሰው የመስከረም 30 ሽያጩ ጥቅምት ውስጥ ይገባበታል። ታክስ በየወሩ ለሚያሳውቅ ነጋዴ የፒችትሪው ድምርና የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የወር ሪፖርት አይገናኙም። ነጋዴው ምንም ሳያጠፋ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሲያስረዳ ይውላል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ የደረሰበት ግን አይረሳውም።

የሰሜን ወሎን ሒሳብ ከሁሉ በላይ የፈተነው ግን የሰሜኑ ጦርነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልድያንና መርሳን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆዩ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ተቋማት፣ ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ጊዜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሐምሌ አልፎ የ2013 በጀት ዓመት ሒሳብ ገና እየተዘጋ፣ የአዲሱ ዓመት በጀት ገና እየተከፈተ ሳለ ነው። ኮምፒውተር በሌላ ኮምፒውተር ይተካል፤ በውስጡ የነበረው የተሰብሳቢና የተከፋይ ዝርዝር ግን ቅጂው ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ አይተካም። በሐምሌ 2015 መጨረሻም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፤ ያም የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ነበር። በሰላሙ ጊዜ «የአይቲ ሥራ ነው» እየተባለ ይታለፍ የነበረው የመረጃ ቅጂ ጉዳይ በሰሜን ወሎ የሒሳብ ሠራተኛው የራሱ ሥራ መሆን አለበት፤ የወሩ ሒሳብ በተዘጋ ቁጥር አንድ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ መውጣት አለበት።

ወደፊት አይቤክስም በሌላ ይተካል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የኦራክል ሶፍትዌርን መሠረት ያደረገው ኢፍሚስ ሥራ ላይ ውሏል። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በአካውንቲንግና ፋይናንስ በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል፤ ወጣቶቹ አዲስ ፕሮግራም ለመልመድ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

የሚያስቸግረው የመክፈቻ ሒሳቡ ነው። አዲስ ሥርዓት ሲገባ ከአሮጌው የዞረውን ቀሪ መቀበል አለበት። በእያንዳንዱ ወረዳ መዝገብ ላይ ለዓመታት ሲንከባለል የመጣ ተሰብሳቢ ይኖራል፤ ወሳጁ የተዛወረ፣ የሞተ ወይም አገር የለቀቀ። ያ ገንዘብ መቼ፣ ለምን፣ በማን ፈቃድ እንደወጣ የሚያስታውሱት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የተቀጠሩት ናቸው፤ በሌጀር ካርድ ጀምረው፣ ደብል ኢንትሪን በሥልጠና ተምረው፣ አይቤክስን የተቀበሉት። አሁን ወደ 60 ዓመት፣ ወደ ጡረታው እየተጠጉ ነው። ጡረታቸው ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ የቆየ ተሰብሳቢ ከነማስረጃው ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ሊታይ፣ ታሪኩም በጽሑፍ ከፋይሉ ጋር ሊያያዝ ይገባል። ለዚህ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከእያንዳንዳቸው ጎን መመደብ ይበቃል፤ ሥራውም ሰኔ ሳይገባ፣ ጠረጴዛው ሳይጨናነቅ፣ በጥርና በየካቲት ቢጀመር ይመረጣል።