አልጋ ፍለጋ በሳንቲያጎ ጎዳና

በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ አፅም ያረፈበት እንደሆነ ስለሚታመን፣ የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በእግራቸው እየተጓዙ ሲሳለሙት ኖረዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 17 ቀን የምታስበው ይህ ሐዋርያ በስፔን የሚከበረው በፈረንጆች ጁላይ 25 ቀን ሲሆን፣ ወደ መቃብሩ የሚያደርሱት መንገዶች በጠቅላላው «ካሚኖ» በሚል ስም ይታወቃሉ። ከሁሉም የገነነውና «የፈረንሳይ መንገድ» የሚባለው መስመር በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ካለችው ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ በእግር ለሚሄድ ሰውም ከአንድ ወር ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ በመንገዱ ላይ የሚታየው መጨናነቅ የቅርብ ጊዜ ክስተት ነው። በመካከለኛው ዘመን ብዙ ሕዝብ ያንቀሳቅስ የነበረው ጉዞ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት እየመነመነ ሄዶ፣ በ1986 ሳንቲያጎ ደርሰው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት ተሳላሚዎች ከ2,500 አይበልጡም ነበር። መንገዱ እንዲያንሰራራ ካደረጉት ሰዎች መካከል የኦ ሴብሬሮ መንደር ቄስ የነበሩት ኤሊያስ ቫሊኛ ሳምፔድሮ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ፤ እኒህ ካህን የተዘነጋውን መስመር እያጠኑ በግንቡም በድንጋዩም ላይ በቢጫ ቀለም ቀስት ስለው ያለፉ ሲሆን፣ ተጓዡ ዛሬም የሚመራው በዚሁ ቢጫ ቀስት ነው። ዩኔስኮ የስፔኑን ክፍል በዓለም ቅርስነት በመዘገበበት በ1993 የተሳላሚው ቁጥር ወደ 100 ሺህ ተጠጋ፤ በ2019 ከ347 ሺህ፣ በ2024 ደግሞ ከ499 ሺህ አለፈ። የሳንቲያጎ ከተማ ነዋሪ ራሱ ከ100 ሺህ ብዙም የማይርቅ መሆኑ ሲታሰብ የጫናው ክብደት ግልጽ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሕዝብ በ780ው ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ ቢሄድ ኖሮ የአልጋ ነገር ይህን ያህል ባላስጨነቀ ነበር። ችግሩ የሚከፋው ተጓዡ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ወቅትና በአንድ ሰዓት ስለሚከማች ሲሆን፣ ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የምስክር ወረቀቱ ደንብ ነው። «ኮምፖስቴላ» የሚባለውና በላቲን ቋንቋ የሚጻፈው ይህ ወረቀት የሚሰጠው በእግሩ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር፣ በብስክሌት ከሆነ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ለተጓዘ ሰው ነው። ሳሪያ የተባለችው አነስተኛ ከተማ ከሳንቲያጎ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ባቡርም አውቶቡስም የሚደርስባት ሆና በመገኘቷ፣ ከጠቅላላው ተሳላሚ ከሩብ የሚበልጠው ጉዞውን የሚጀምረው ከእርሷ ነው። ስለዚህ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ሳምንታት በሰፊው የካስቲያ ሜዳ ብቻውን ሲሄድ የሰነበተ ሰው ሳሪያ ሲደርስ ልብሳቸው ገና አቧራ ያልነካው ብዙ አዳዲስ መንገደኞች ይቀላቀሉታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ቀን የሚያሳልፈውም ከእነርሱ ጋር ማደሪያ እየተሻማ ነው።

«አልበርጌ» የሚባለው የተሳላሚዎች ማደሪያ እንደ ሆቴል አይደለም። በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ይደረደራሉ፣ መታጠቢያውና ማብሰያው የጋራ ነው፣ መብራቱም አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ባለቤትነቱ የመንግሥት፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የደብር ወይም የግለሰብ ሊሆን ይችላል። በጋሊሲያ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ማደሪያዎች ለአንድ ሌሊት 10 ዩሮ ያህል ሲያስከፍሉ፣ ከደብር ማደሪያዎች አንዳንዶቹ ቁርጥ ያለ ዋጋ ሳይጠይቁ ተጓዡ እንደ አቅሙ በሣጥን የሚጨምረውን ይቀበላሉ። በጋሊሲያ የመንግሥት ማደሪያዎች አልጋ አስቀድሞ አይያዝም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል፣ እግረኛው ከብስክሌተኛው በፊት አልጋ ያገኛል፣ ካልታመመም በቀር ማንም ከአንድ ሌሊት በላይ አይቆይም። በሩ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ በሰባት ሰዓት ግድም ስለሆነ፣ ቀድመው የደረሱት የጀርባ ቦርሳቸውን በግንቡ ጥግ በመጡበት ቅደም ተከተል ደርድረው እነርሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ቦርሳው ለባለቤቱ ተራ ይጠብቅለታል። በሩ ሲከፈት «ኦስፒታሌሮ» የሚባለው አስተናጋጅ፣ በደብር ማደሪያዎች ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ፣ የእያንዳንዱን ፓስፖርት ይመዘግባል፤ «ክሬደንሲያል» በሚባለው የተሳላሚ መታወቂያ ደብተር ላይ ማኅተም ይመታል፤ ከዚያም አንዴ አገልግሎ የሚጣል አንሶላና የትራስ ልብስ ሰጥቶ ጫማው ከደጅ መደርደሪያ ላይ እንዲቀር ያሳስባል። ደብተሩ ያለ ማኅተም ዋጋ የለውም፤ በመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር በቀን ቢያንስ ሁለት ማኅተም ማስመታት ግዴታ ነው።

ቀድሞ የመጣ ይቀድማል የሚለው ሥርዓት ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ጉዞውን ወደ ሩጫ ይለውጠዋል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በግንባር መብራት እየተመራ ጓዙን የሚሸክፍ፣ የፌስታል ኮሽታው የተኛውን ሁሉ የሚቀሰቅስ መንገደኛ በየማደሪያው አይጠፋም፤ የዚህ ዓይነቱ ሽሚያ ተጎጂዎችም አረጋውያን፣ እግራቸው ውኃ የቋጠረባቸውና በየመንገዱ ቆመው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ናቸው። ይህን ሽሽት በግል ማደሪያዎች አስቀድሞ አልጋ ማስያዝ እየተለመደ መጥቷል፤ ይሁንና ማስያዙም የራሱን ጣጣ ያመጣል። አልጋ ያስያዘ ሰው ቢደክመውም ቢያመውም እዚያው ቦታ መድረስ አለበት፤ አስይዞ ሳይሰርዝ የሚቀረው ደግሞ ሌላው ሊያድርበት ይችል የነበረውን አልጋ ባዶ ያሳድራል፤ ሁሉም ሰው ሥጋት ገብቶት ሲያስይዝም እጥረቱ ከእውነተኛው ይልቅ የባሰ መስሎ ይታያል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ያስቸግራል፤ ለሚቀጥለው አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከዋዜማው ስልክ ደውሎ ማስያዝ ግን የሁለቱን ጉዳት የሚያለዝብ መካከለኛ መንገድ ይመስላል። ለብቻ የሚታይ አንድ ስፍራ አለ፤ ከሳን ዣን ተነሥቶ ፒሬኔን በሚያቋርጠው የመጀመሪያ ቀን እስከ ሮንሴስቫዬስ ገዳም ድረስ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ እንደ ኦሪሶን ካሉ ጥቂት ማረፊያዎች በስተቀር ማደሪያ ስለሌለ፣ በዚያ አስቀድሞ ሳያስይዙ መነሣት አያዋጣም።

መጨናነቁን የሚያባብሰው ሌላው ነገር ደግሞ የመንገድ መምሪያ መጻሕፍት አከፋፈል ነው። ከሳሪያ ያለውን ጉዞ አብዛኞቹ መምሪያዎች በፖርቶማሪን፣ በፓላስ ደ ሬይ፣ በአርሱዋና በኦ ፔድሩሶ እያሳደሩ ስለሚከፋፍሉት፣ መጽሐፉን ይዞ የሚሄደው ሁሉ ማታ ማታ እነዚህን አራት ከተሞች ያጥለቀልቃል፤ በመካከላቸው ያሉት መንደሮች ግን በአንጻሩ ጸጥ ብለው ያመሻሉ። ከሳሪያ ተነሥቶ 13 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው ፌሬይሮስ ያደረ፣ በማግሥቱም ፖርቶማሪንን አልፎ ጎንሳር ያረፈ ሰው አልጋ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ ጠዋት ላይም ብዙኃኑ ሲያልፍ ቁርሱን ተረጋግቶ ሊበላ ይችላል። ከአርሱዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀደም ብላ በወንዝ ዳር ያለችው ሪባዲሶም እንዲሁ ማደሪያ አላት።

ወቅትን መምረጥም ይረዳል። ከፈረንሳይ ድንበር የሚነሣው ሰው የሚበዛው በሜይና በሴፕቴምበር ሲሆን፣ ከሳሪያ በኋላ ያለው ክፍል ደግሞ በጁላይና በኦገስት፣ እንዲሁም በምዕራባውያኑ ፋሲካ ሰሞን ይጨናነቃል። በአውሮፓ የብርድ ወራት መንገዱ ባዶ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የግል ማደሪያዎች ስለሚዘጉ በየቀኑ ክፍት የሆነውን ጠይቆ መነሣት ያስፈልጋል። ከፌሮል የሚነሣው «የእንግሊዝ መንገድ» ወይም ከኦቪዬዶ የሚነሣውና ተራራ የሚበዛበት «ጥንታዊው መንገድ» የምስክር ወረቀቱን ደንብ እያሟሉ ከሳሪያ ግርግር በአብዛኛው ያሳርፋሉ።

ያ ሁሉ ተደርጎም «ኮምፕሌቶ»፣ ማለትም «ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ በር ላይ የሚያጋጥምበት ቀን አለ። በዚህ ጊዜ ኦስፒታሌሮው ወደ ሌሎች ማደሪያዎች እንዲደውል መለመን ነውር የለበትም፤ አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች የስፖርት አዳራሻቸውን ከፍተው መሬት ላይ ያሳድራሉ፤ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ጎን ባለ ከተማ ያደረ ሰውም በማግሥቱ ወደ ተወበት ነጥብ ተመልሶ ከቀጠለ የእግር ጉዞው አይቋረጥበትም። ጓዛቸውን በስፔን ፖስታ ቤት ወይም በግል አጓጓዦች ከማደሪያ ወደ ማደሪያ የሚያስልኩ መንገደኞች ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለባቸውም፤ ቦርሳው የሚላክበት አድራሻ አስቀድሞ መታወቅ ስላለበትና የጋሊሲያ የመንግሥት ማደሪያዎች የተላከ ጓዝ ስለማይቀበሉ፣ እነርሱ የግል አልጋ ማስያዛቸው የማይቀር ነው።

በሳንቲያጎ ከተማም የማደሪያ ጥያቄ ጥንታዊ ነው። በካቴድራሉ ውስጥ ስምንት ሰዎች በገመድ የሚያወዛውዙት «ቦታፉሜይሮ» የተባለ ግዙፍ ጽና፣ ቀድሞ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ያድሩ የነበሩትን ተሳላሚዎች ጠረን በዕጣን ለመሸፈን የተሠራ እንደነበር ይነገራል። ንጉሥ ፈርናንዶና ንግሥት ኢሳቤላ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ በካቴድራሉ አደባባይ ያሠሩት የተሳላሚዎች ሆስፒታል ዛሬ ባለጠጎች የሚያርፉበት ሆቴል ሆኗል፤ አልጋ በነጻ ለማስገኘት የተሠራ ሕንፃ በከተማዋ ውድ አልጋ ከሚከራይባቸው ስፍራዎች አንዱ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። በርካሽ ማደር የሚፈልግ ሰው ከከተማዋ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በሞንቴ ዶ ጎሶ ኮረብታ ላይ ባለው ሰፊ የመንግሥት ማደሪያ ቢያርፍ፣ በማግሥቱ በማለዳ ከተማ ገብቶ በተሳላሚዎች ጽሕፈት ቤት የወረፋ ቁጥር ለመውሰድ ይቀድማል። የሐዋርያው በዓል እሑድ የሚውልበት ዓመት «ቅዱስ ዓመት» ተብሎ የካቴድራሉ ልዩ በር ስለሚከፈትና ሕዝቡም ከወትሮው ስለሚበዛ፣ ጁላይ 25 እሑድ በሚውልበት በ2027 ለመጓዝ ያሰበ ሰው አልጋውን ከሌላው ዓመት ቀደም ብሎ ቢያስብበት ይበጀዋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቅዱስ ዓመት በ2032 ነው።