የሰው ስልክ በእጃችን ሲያድር



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ፈተና ሲቃረብ ግቢ ውስጥ በብዛት ከምንሰማው አንዱ «ስልኬ ወደቀብኝ»፣ «ላፕቶፔ አልነሳ አለኝ» የሚል ነው። አሳይንመንቱም፣ የቤተሰብ ፎቶውም፣ የባንክ መተግበሪያውም ያለበትን ዕቃ ይዘን ጥገና ቤት እንሄዳለን፤ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ተቀብለን እንመለሳለን። ከመካከላችን ደግሞ ዶርም ውስጥ የጓደኛን ስልክ እየጠገኑ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙ፣ ሲመረቁም በዚሁ ሙያ ሱቅ ለመክፈት የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ በዚህ እትም የጥገና ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ውሎ ምን እንደሚመስልና የሥራው ክብደት የት ላይ እንዳለ እንመለከታለን።

ብዙዎቻችን ሥራ አስኪያጁ ከሁሉም የሚበልጥ ጠጋኝ ይመስለናል። ባለሱቁም ሠራተኛውም አንድ ሰው በሆነበት ትንሽ ሱቅ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። አራት አምስት ባለሙያ ባለበት ድርጅት ግን ሥራ አስኪያጁ መፍቻ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ውሎው ዕቃ መቀበል፣ መመዝገብ፣ ዋጋ መናገር፣ መለዋወጫ ማፈላለግ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ደንበኛ ማረጋጋት፣ ማታም ያደረውን ዕቃ መቁጠር ነው። ስለ ዕቃው ውስጥ ምንም በማያውቀው ባለቤትና ሁሉን በሚያውቀው ባለሙያ መካከል ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ለሚቆም ሰው ትልቁ ካፒታል አማና ነው።

ሲቀበል

ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ስልኩን ባለቤቱ ፊት ያገላብጣል። ጥግ ላይ ያለውን ስንጥቅ፣ የማይሠራውን ካሜራ፣ ያበጠውን ባትሪ ይጽፋል። ስልኩ የሚበራ ከሆነ *#06# ሲደወል የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ያሰፍራል። ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚመጣውን «ስሰጣችሁ እንዲህ አልነበረም» የሚል ጭቅጭቅ ያስቀራል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ የዱቤ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት የሚያዝ መሆኑን እናስታውስ። መጻፍ ወንድምን መጠራጠር አይደለም፤ ወንድማማችነትን ከጥርጣሬ ማዳን ነው።

ዋጋ ሲናገር

ፈተናው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቻርጅ አላደርግ ያለ ስልክ አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ፖርቱ ውስጥ የተጠቀጠቀ የኪስ ብናኝ ብቻ ነው፤ በጥንቃቄ ሲጸዳ ይድናል። ባለቤቱ ግን ይህን አያውቅም። ባለሙያው በፐርሰንት የሚከፈለው ከሆነ ከማጽዳት ይልቅ መቀየሩ ያዋጣዋል። «ፖርቱ ይቀየር» ከማለት የሚያግደው የአላህ ፍራቻና ሥራ አስኪያጁ የሚያወጣው ደንብ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሥራ አስኪያጅ ለምርመራና ለጽዳትም ለባለሙያው ተገቢ ክፍያ ያስባል፤ ሠራተኛውን ለውሸት የሚገፋ አከፋፈል አያበጅም። ዕቃው ሲፈታ ሌላ ብልሽት ከተገኘም ደውሎ ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ ሠርቶ ሂሳብ አይጨምርም።

ውሃ የገባበት ስልክም እንዲሁ ነው። ደርቆ ሲበራ የዳነ ይመስላል። ቦርዱ ላይ የቀረው ቆሻሻና ዝገት ግን መብላቱን ይቀጥላል፤ ከሳምንታት በኋላ ስልኩ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። አቡ ሁረይራ ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ ወደ ተከመረ እህል እጃቸውን ሰድደው ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ከላይ የደረቀ፣ ከውስጥ የረጠበ ስልክ «ተሠርቷል» ብሎ ማስረከብ ከዚያ እህል በምን ይለያል? ሐቁ «አጽድተነዋል፣ ይሠራል፤ ግን ውሃ ስለገባበት ዋስትና አንሰጥም፣ ፋይልህን ዛሬውኑ ገልብጥ» ማለት ነው።

ኮፒ ስክሪን መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ኦርጅናሉን መግዛት የማይችል ተማሪ ብዙ ነው። ነውሩ ኮፒውን በኦርጅናል ስምና ዋጋ መሸጥ ነው። ከአይፎን 11 ጀምሮ ያሉ የአፕል ስልኮች የተቀየረው ስክሪን የፋብሪካው መሆኑ ካልተረጋገጠ ራሳቸው ይናገራሉ። ማሽኑ ከመናገሩ በፊት ሰው ቢናገር ይሻላል።

ምስጢር ሲጠብቅ

አንዲት እህት ስልኳን ለጥገና ስትሰጥ ሒጃቧን ሳትለብስ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር የተነሳቻቸውን ፎቶዎችም አብራ ትሰጣለች። ስክሪን ለመቀየር ግን ፎቶ መክፈት አያስፈልግም፤ ስልኩ እንደተቆለፈ መነካቱን መሞከር ይቻላል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃል ከሁሉም ደንበኛ አይጠይቅም። የግድ ካስፈለገ ባለቤቷ ራሷ መጥታ ከፍታ ትሞክረዋለች። በአዳዲስ የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮች «ሜንተናንስ ሞድ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ሲበራ ፎቶና መልእክት ይሰወራሉ፣ ጠጋኙ ግን ስልኩን መፈተሽ ይችላል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ለእኛ ግን ከአዋጁ በፊትም የሰውን ነውር መሰለል ሐራም ነበር።

ሲበላሽ

ባለሙያው ስክሪን ሲነቅል ሌላ ነገር ቢሰብርስ? የፊቅህ ሊቃውንት ልብስ ሰፊንና ልብስ አጣቢን የመሰለ፣ ለሁሉም ሰው የሚሠራን ባለሙያ አጂር ሙሽተረክ ይሉታል። በሐነፊ መዝሀብ በገዛ ሥራው ያጠፋውን ይተካል። ያለ እርሱ ሥራና ጥፋት እጁ ላይ የጠፋውን በተመለከተ ግን ኢማም አቡ ሐኒፋ አይጠየቅም ሲሉ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ሊከላከለው ከማይችለው አደጋ በቀር ይጠየቃል ብለዋል። በሌሎች መዝሀቦችም ሰፊ ውይይት አለበት፤ የገጠመው ሰው ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። ሥራ አስኪያጁ ግን «እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሲቀበል የጻፈው ወረቀት ያኔ ለእርሱም በእርሱም ላይ ይመሰክራል።

ቀጠሮም አማና ነው። ጁሙዓ ቀን «ሰባት ሰዓት ይደርሳል» ብሎ ቃል የሰጠ ሥራ አስኪያጅ ከኹጥባውና ከቃሉ አንዱን ሊያጣ ነው። «ከ6፡00 እስከ 8፡00 ሶላት ላይ ነን» ብሎ በሩ ላይ መለጠፍ ደንበኛን አያርቅም።

እኛስ?

እኛ ደንበኞችም ድርሻ አለብን። ውሃ የነካውን ስልክ «ዝም ብሎ ጠፋብኝ» ማለት ባለሙያውን ማሳሳት ነው። የተሠራ ዕቃን ለወራት ሳይወስዱ መተውም በሰው ጫንቃ ላይ ሸክም መጣል ነው። ዶርም ውስጥ የምትጠግኑ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዙ፤ የተቀበላችሁትን፣ ያገኛችሁትን ብልሽት፣ የተስማማችሁበትን ዋጋ ጻፉ። ሱቁ ነገ ይመጣል ኢንሻአላህ፤ አማናው ግን ከመጀመሪያው ስልክ ይጀምራል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንንም የሰው ሐቅ የማይጠፋበት ያድርግልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።