ደመወዝ እስኪያድግ የሚጠብቅ ፍቅር

በ19ኛው መቶ ዘመን ለንደን የቢሮ ጸሐፊ የነበረ ወጣት ኑሮው ከወዲህም ከወዲያም አልነበረም። እንደ ቀን ሠራተኛ እጁ አይቆሽሽም፤ እንደ ባለጸጋ ልጅ የሚወርሰው ሀብት የለውም። ኮቱ ጥቁር፣ አንገትጌው ነጭ መሆን ነበረበት፤ ደመወዙ ግን በአገልግሎት ዘመን እየተቆጠረ በዝግታ ነው የሚጨምረው። ማግባት ቢያምረው ቤት መከራየትና ቢያንስ አንዲት የቤት ሠራተኛ መቅጠር የጨዋ ቤተሰብ ወግ ነበር። ስለዚህ «መቼ ነው የምታገባው?» ብሎ መጠየቅ «ደመወዝህ መቼ ነው የሚያድገው?» ከማለት ብዙም አይለይም።

ይህን ኑሮ ከውስጥ ሆነው ከጻፉት መካከል እንደ አንቶኒ ትሮሎፕ ያልሸሸገ የለም ማለት ይቻላል። ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው ትሮሎፕ እ.ኤ.አ. በ1834፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በለንደን ዋና ፖስታ ቤት በዓመት 90 ፓውንድ ተቀጠረ። የገባው በእናቱ ወዳጆች አማላጅነት ነው። ለፈተና ያህል ከጋዜጣ ላይ ጥቂት መስመሮች በላባ ብዕር እንዲገለብጥ ቢሰጠው ቀለም አንጠባጠበ፣ ፊደልም ገደፈ። «እንግዲያው ቤትህ አሳምረህ ጽፈህ ነገ አምጣ፤ ሒሳብም ትፈተናለህ» ተባለ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ ቢቀርብ ግን ጽሑፉን ያየለት፣ ሒሳቡንም የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ዝም ብለው ሥራ አስጀመሩት። እንዲህ ያለውን የዘመድ ቅጥር ያወገዘ የመንግሥት ሪፖርት በ1854 ወጣ፤ በ1870 ደግሞ የመንግሥት ሥራ በአብዛኛው በግልጽ የውድድር ፈተና ሆነ። ትሮሎፕ ግን በፈተናው አልተስማማም፤ «ሦስቱ ጸሐፊዎች» በተባለው ልብ ወለዱም ተሳልቆበታል። በአማላጅ ከገባ ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል!

ወላጅ አጠገቡ የሌለው ወጣት በ90 ፓውንድ ለንደን ላይ እንዴት ይኖራል? በብድር ነዋ። ትሮሎፕ ለልብስ ሰፊው የፈረመው የ12 ፓውንድ ዕዳ አራጣ አበዳሪ እጅ ገባና ወለድ በወለድ ላይ እየተደራረበ ከ200 ፓውንድ በላይ አስከፈለው። አበዳሪው ቢሮው ድረስ እየመጣ፣ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ፣ በቀጠሮው ቀን እንዲከፍል በለሆሳስ ይመክረው ነበር።

የፍቅሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንዲት የገጠር ልጅ ወደደችውና እንጋባ አለችው፤ እሱም ቁርጡን ለመናገር ድፍረት አጣ። አንድ ቀን እናቷ ትልቅ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ግዙፍ ባርኔጣ ደፍታ፣ ተላላኪው ሊያስቆማት ቢሞክር እምቢ ብላ ቢሮው ውስጥ ዘው አለች። ልጄን መቼ ነው የምታገባት ብላ በባልደረቦቹ ፊት ጮኸችበት። ታሪኩን በግለ ታሪኩ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ጋብቻው አልሆነም፤ በ90 ፓውንድ ደመወዝና በአራጣ ዕዳ ላይ ቢሆንም ኖሮ ልጅቱን የሚጠቅማት አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ያወጣው ማንም ያልፈለገው የሥራ ቦታ ነው። በ1841 አየርላንድ ውስጥ የፖስታ ተቆጣጣሪ ረዳት ሆኖ ሄደ። ደመወዙ በወረቀት 100 ፓውንድ ብቻ ቢሆንም የውሎ አበልና የመንገድ ክፍያ ሲታከልበት በዓመት ወደ 400 ፓውንድ ያገኝ ነበር። በዓመቱ ሮዝ ሄዝልቲን ከምትባል የባንክ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ጋር ታጨ፤ ጁን 11 ቀን 1844 ተጋቡ። መጽሐፍ መጻፍ የጀመረውም በዚያው በአየርላንድ ነው።

ሌላው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስም የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ በ15 ዓመቱ በ1827 ተቀጠረ። የአጭር እጅ ጽሕፈት ተምሮ የፓርላማ ዘጋቢ ቢሆንም፣ የሚወዳትና ቤተሰቧ በባንክ ሥራ የሚታወቀው ማሪያ ቢድኔል በ1833 ፊት ነሣችው።

የሴቶቹ ነገር ግን ለብቻው ነው። መንግሥት በ1870 ቴሌግራፍን ሲረከብ ፖስታ ቤቱ በርካታ ሴት ሠራተኞችን ያዘ። ትሮሎፕ በ1877 ስለ አንዲት የቴሌግራፍ ሠራተኛ አጭር ልብ ወለድ ጽፏል፤ ልጅቱ በሳምንት 18 ሺሊንግ ታገኛለች፣ በራሷ ገንዘብ በማደሯም ትኮራለች። ወንዱ ሚስት ለማግባት ደመወዙ እስኪያድግ ሲጠብቅ ሴቷ ባል ስታገባ ደመወዟን ታጣ ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ባለትዳር ሴቶችን የሚያግድ ደንብ በ1876 አውጥቷልና። የሥራ ፍላጎትና ፍቅር ወንዱን ያዘገዩት እንደሆነ እንጂ አንዱን ምረጥ አላሉትም፤ ሴቷን ግን አስመርጠዋታል። ይህ እገዳ ከብሪታንያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተነሣው በ1946 ነው፤ ለውጭ ጉዳይ ሠራተኞች ደግሞ እስከ 1973 ቆይቷል።